አሸዋ ላይ የተሰጠ ኮርስ

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
ደቻቱ ወረድን፣ ከአሸዋው ገበታ፤
ስሙ ወንዝ ነው እንጂ፣ የለበት ጠብታ።

እኔ የሃይድሮሊክስ፣ ሜትሬን ታጥቄ፣
ወንዝ በቀመር እንጂ ሌላ መች አውቄ።
ኮርሱ ባለቤት የለው፤ ሰነዱ ሲንከራተት፣
ሲቪል «የእኔ አይደለም»፣ ጤናም «ምን አገባኝ በዚህ ሰነፍ ወረቀት?»
ሬጅስትራር «ክሬዲቱ በማን ስም ይጻፍ?» አለ፤
ሕግ «እናስብበት» ብሎ ሁለት ወር ሲያስብ ዋለ።

እስከዚያው ልጆቹ ተመዝግበው መጡ፤
ባንድ ባጃጅ አምስት ሆነው ተቀመጡ።
ከነርሲንግ ፈትህያ፣ ከስታትስቲክስ ዲናኦል፣
ከሕግ ቢኒያስ፣ ክርክር ሲሸተው የሚዘል፤
ከፎክሎር ሂቦ፣ ዝም ብላ የምትጽፍ፣
ጫማዋን አውልቃ አሸዋ የምትቀዝፍ።
አምስተኛው ጋሽ ዘርጋው፣ የላብ ሰው፣ ጡረታው የቀረበ፣
ቁመት መለኪያውን ጣውላ በትከሻው ያነገበ፣
«ዲግሪ የለኝም» እያለ ከሁላችን በላይ ያነበበ።

ችግሬን ነገርኳቸው። መለኪያው ከተሰበረ
የስንት ክረምት ቁጥር ከመዝገብ ቀረ።
ባዶ ዓምድ። ሰረዝ። ሰረዝ። ደግሞም ሰረዝ።
ጎርፉን በምን ላስላው? በምን ቁጥር ልያዝ?

«ሰው አለ እኮ» አለች ሂቦ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣
ወደ ዳር ሰፈሩ ቀድማን ሄደች ርቃ።
«ሰው ደግሞ ምን ለክቶ?» ይህን በሆዴ ነበር፤
ፈትህያ ግን አየችው፣ ግንባሬ ላይ ሲሰፍር።

አዴ ሚስኪ በራቸው ላይ ጆንያ ይሰፋሉ።
ሂቦ በሶማሊኛ፣ እሳቸው በኦሮምኛ፣
የጎደለውን ሲሞላ መሐል ገብቶ አማርኛ፤
የድሬ ጨዋታ እንዲህ ነው፣ አይሻም ዳኛ።

ዓመተ ምሕረት አይቆጥሩም። ልጅ ነው የሚቆጥሩት፦
«ኢብሳ ሲወለድ፣ እስከዚህ፤» ጉልበታቸውን ነኩት።
«ሙና ጡት ስትጥል፣ እዚህ፤» ወገባቸውን ያዙት።
«ያቺ ሌሊት ግን...»
እጃቸው ከፍ አለ፣ ከበሩ ጉበን በላይ፣
እዚያው አየር ላይ ቀረ።
ማንም አልጻፈም።
ቢኒያስ እንኳ አልተከራከረ።

ከዚያ ፈትህያ የክትባት ካርድ ጠየቀች፤ ከሣጥን ወጣ፣
ጠርዙ በምስጥ የተበላ፣ ቀኑ ግን ያልታጣ።
ዲናኦል ጭንቅላቱን አክኮ ቀነሰ፣ ጨመረ፤
ጋሽ ዘርጋው ጣውላውን ከጉበኑ ጎን ገተረ።
ጉልበት፦ አርባ ስድስት ሳንቲ። ወገብ፦ ዘጠና አንድ።
ቆሞ የነበረ ቀመሬ አገኘ መንገድ።

ስድስት ቤት ዞርን። ሰረዙ እየሳሳ ሄደ።
ፈትህያ ግን ቁጥሩን ትታ ሌላ ጠየቀች፦
«ውሃው የተኛበት ኩሬ የት ነበር? ልጆቹስ ያተኮሳቸው በስንተኛው ቀን?»
ሃያ ዓመት ወንዝ ሳስተምር፣
አንዴ እንኳ ጠይቄ አላውቅም ይህን።
ቢኒያስም ከጥግ፦ «ካርታ የሌለው ቤት ወንዝ ዳር ሲሠራ፣
ጎርፍ ወስዶት ቢሄድ በወረቀት ላይ አይጠራ።»
አምስት ሰዓት ላይ ድሬ ጋለች፤ የብረት ሜትሬ እጅ ፈጀ።
ጥላ ፍለጋ ግንቡን ተጠግተን ተቀመጥን፣
መምህሩም ተማሪውም ባንድ ላብ ወዛ።

በሚያዝያ ቀለም ይዘን መጣን፤ ሰማያዊ መስመር፣ ከጉበኑ በላይ።
«ትንሽ ከፍ አድርጉት» አሉ አዴ ሚስኪ፣ ግንቡን እያዩ።
«ቁጥሩ ልክ ነው፣ እናቴ» አልኩ።
«እሱ ቁጥሩ ነው» አሉ። «ፍርሃቱስ?»
ጋሽ ዘርጋው እኔን ሳይጠይቅ ብሩሹን አነሣ፣
አራት ጣት ጨመረ።

ግሬድ ማስገቢያው ላይ ለአራት ጣት ቦታ የለም፤
ለአዴ ሚስኪም ስም የሚጻፍበት ዓምድ የለም።
ኮርሱ ዛሬም ባለቤት አላገኘም፤
ስብሰባው ሦስተኛ ሰዓቱን ይዟል፣ «የማን ነው?» እያለ።
በመስኮቱ ደንገጎ ይታየኛል። ጠቁሯል።
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ሂቦ ናት፦
«መምህር፣ ሁላችንም መስመሩ ጋ ነን።
ይመጣሉ?»